ጭምትና ሥርዓት ወዳድ ሰው አዲስ ሙያ ሲመርጥ

(ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የየቲም አሳዳጊ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ለጋሽ ወንድሞችና እህቶች፦

እንደሚታወቀው ለአንድ የቲም በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ ወሰን አለው። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ወይም ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ቤቱ የሚቆመው በእርሱ ወይም በእናቱ ሥራ ነው። አባት ያለው ልጅ አንድ ሥራ ሞክሮ ባይሆንለት ተመልሶ የሚያርፍበት ጥላ አለው። የቲሙ ግን ሁለት ዓመት ቢባክንበት የታናናሾቹ የትምህርት ዘመንም አብሮ ይባክናል። ስለሆነም ሥራ መምረጥ፣ የተመረጠውም ሥራ ካልተስማማ በጊዜው ሌላ ሙያ መያዝ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የቅንጦት ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ይህ ሰው ቃሉ ጥቂት ነው፤ ደብተሩ ግን የተሰመረ፣ ልብሱ የታጠፈ፣ የተበደረውን የማይረሳ፣ የተሰጠውን እቃ ከቦታው የማያዛንፍ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በየክፍሉ አስተምረናል፤ እንዲህ ያለችውንም እናት በየሰፈሩ እናውቃለን። ሰዉ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ምን ያደርጋል፣ አፍ የለው!» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ይህ ጠባይ ለተወሰኑ ሙያዎች ትልቅ ስንቅ መሆኑን፣ ስንቁ ግን ለባለቤቱ የሚጠቅመው ሙያው በጥንቃቄ ሲመረጥና አንዲት አስፈላጊ ነገር ሲጨመርበት መሆኑን ነው።

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም

በቅድሚያ ልንለየው የሚገባ ጉዳይ አለ። በተፈጥሮው ጭምት የሆነ ልጅና ኀዘን ዝም ያሰኘው ልጅ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ጭምቱ ልጅ ከሚወዳቸው ጋር ሲሆን ይስቃል፤ ብቻውን ሲቀመጥም የሚሠራው ነገር አለው፤ እንቅልፉና ምግቡ ደኅና ነው። ኀዘን ዝም ያሰኘው ግን ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር ይተዋል፤ ከትምህርቱ ያፈገፍጋል፤ ሌሊት ይባንናል። ይህን ሁለተኛውን ልጅ «ጠባዩ ነው» ብሎ መተው በደል ነው። እርሱ ከሙያ ምርጫ በፊት አጽናኝ፣ አስፈላጊም ሲሆን የጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ጭምትነት ራሱ ግን በሽታ አይደለም። የስዊዘርላንድ ተወላጅ የነበረው ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሰው ጠባያት ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንዳንዱ ሰው ኃይል ወደ ውጭው ዓለምና ወደ ሰዎች፣ የሌላው ደግሞ ወደ ውስጡና ወደ ራሱ ሐሳብ እንደሚያዘነብል አስረድቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ሆላንድም ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቀረባቸው ጽሑፎች የሥራ ዝንባሌዎችን በስድስት ከፍሏቸዋል። እነርሱም በእጅና በመሣሪያ መሥራት፣ መመርመር፣ ኪነ ጥበብ፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር፣ ማሳመንና መምራት፣ እንዲሁም መዝገብን፣ ቁጥርንና ሥርዓትን መያዝ ናቸው። ሰው የእነዚህ ቅይጥ ነው። ስለዚህ ጭምት የሆነ ሰው ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛ ይሁን ማለት አይደለም፤ ሥርዓት ወዳድነቱ ከእጅ ሥራ ጋር ወይም ከምርመራ ጋር ተጣምሮ ሊገኝ ይችላልና።

መዝገብ መያዝ የተከበረ ሥራ ነው

አንዳንድ ወላጅ የጽሕፈትና የመዝገብ ሥራን እንደ ዝቅተኛ ነገር ይመለከታል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 መሆኑንና ርእሰ ነገሩም የብድር ውል በጸሐፊ እጅ በፍትሕ እንዲጻፍ ማዘዝ መሆኑን ለሚያስተውል ግን ይህ አመለካከት ቦታ የለውም። የየቲም ገንዘብ ለባለቤቱ በሚመለስበት ጊዜም ምስክር እንዲቆም በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 6 ታዝዟል።

የዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) ታሪክም እናስታውስ። አባታቸው ከሂጅራ በፊት በቡዓስ ጦርነት እንደ ሞቱና እርሳቸውም በልጅነታቸው የቲም እንደሆኑ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት ዘግበዋል። እኒህ የቲም አድገው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊ ሆኑ። ከየማማ ጦርነት በኋላም በኸሊፋው በአቡበክር (ረ.ዐ) ትእዛዝ ቁርኣንን በአንድነት የመሰብሰብ ኃላፊነት ተጣለባቸው። በቃል የተያዘውን ከተጻፈው ጋር እያመሳከሩ መሰብሰብ ትዕግሥትንና ጥንቃቄን የሚጠይቅ ሥራ ነበር፤ ለዚህ ከባድ አማና የታጩትም ገና በወጣትነታቸው ነው።

የማይስማማ ሥራ ምን ያስከትላል?

በእኛ አገር ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ንግድ የተለመደና የተወደደ ሙያ ነው። አንድ ወጣት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረሰ አጎቱ ወደ ሱቅ ያስገባዋል፤ ወይም በለጋሾች ቸርነት መነሻ ካፒታል ተሰጥቶት ሱቅ ይከፍታል። ይህ መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም በመርካቶ ሸማ ተራም ሆነ በሚሊተሪ ተራ ሻጭ መሆን ማለት ከጠዋት እስከ ማታ መጥራት፣ መከራከር፣ ዋጋ ማውጣትና ማውረድ ነው። ይህ የሚያስደስተው ልጅ አለ፤ ጭምቱ ግን ዕለቱን ሙሉ ኃይሉ ሲፈስ ውሎ ማታ ደርቆ ይገባል። ገዢው አይለምደውም፤ ዱቤ የወሰደውን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ካፒታሉ ቀስ በቀስ ያልቃል። ከዚያም «ሰነፍ ነው» የሚል ስም ይሰጠዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚያው ሱቅ ውስጥ ለዚህ ልጅ የሚሆን ሥራ እንደነበረ ልብ እንበል። ከሱቁ ጀርባ መጋዘን አለ፤ የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር፣ ደረሰኝ የሚሰበስብ፣ የዱቤውን መዝገብ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ነጋዴው ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ የሚያምነው ሰው አጥቶ ሌሊት ለሌሊት ራሱ ይሠራዋል። ጥፋቱ የንግድም የልጁም አይደለም፤ ልጁ በማይስማማው በር እንዲገባ መደረጉ ነው።

ሊስማሙ የሚችሉ ሙያዎች

አንደኛው የሒሳብና የንብረት ሥራ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006ም ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት እንዲያቀርቡ በመደንገጉ የባለሙያውን ተፈላጊነት አሳድጎታል። ከወለድ ጋር ላለመነካካት ብሎ ከሙያው የሚሸሽ ወጣት ቢኖር፣ የሒሳብ ሥራ በነጋዴ ቤት፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ሁሉ እንዳለ ይወቅ። ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው የአገራችን ባንክ በመሆን በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የንብረት ክፍል ሥራም እንደዚሁ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በኖረው ልማድ እቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ በየመደርደሪያው በሚንጠለጠለው ቢን ካርድ ላይ የቀረው ይጻፋል። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው እቃ ሲገጥም ደስ የሚለው ሰው ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው በጤና ተቋማት ውስጥ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሥራ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙናውን ከስሙ ጋር ሳያሳስት ይመረምራል። የጤና መረጃ ባለሙያ የሕሙማንን ካርድና የተቋሙን ሪፖርት ይይዛል። የአንድ ሕመምተኛ ካርድ ጠፋ ማለት ሐኪሙ ያለፈውን ታሪክ ሳያውቅ ያክማል ማለት ነው፤ ስለዚህ በካርድ ክፍል ያለ ጥንቃቄ የሰው ሕይወት ይጠብቃል። እነዚህ ሙያዎች ሥልጠናና የሙያ ፈቃድ ስለሚጠይቁ አስቀድሞ ጊዜውንና ወጪውን ማስላት ያሻል።

ሦስተኛው የእጅ ጥበብ ነው። በልብስ ስፌት ውስጥ ልኬትና ቅድ፣ በኤሌክትሮኒክስና በሞባይል ጥገና ውስጥ ብልሽትን በተራ መፈለግ፣ ጸጥታንና ሥርዓትን የሚሹ ናቸው። ልጆች ይዛ ከቤት መራቅ ለማትችል እናት የስፌት መኪና ከቤት ሳትወጣ ልትሠራበት የምትችል መሣሪያ ነው። ሽያጩን ተናጋሪ የሆነች ጎረቤት ወይም እህት ብትይዝላት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አራተኛው የመጻሕፍትና የሰነድ ጥበቃ ነው። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችንና ቅርሶችን ሰብስበው ያቋቋሙት ሙዚየም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የተበጣጠሰን ገጽ ማከም፣ መጽሐፍን በጥንቱ የሐረር አጠራረዝ መጠረዝ፣ እያንዳንዱን ቅጂ መዝግቦ ማስቀመጥ የዝምተኛ እጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መስክ የሚገኘው የሥራ ቦታ ጥቂት በመሆኑ፣ የሚመርጠው ሰው ሁለተኛ ሙያ ቢይዝ ይመከራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሥራው ስም አያታልላችሁ። የመድኃኒት መደብር ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በመስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ለሕመምተኛ ሲያስረዳ ይውላል። ገንዘብ ተቀባይም በቁጥር ይሠራል፤ ፊት ለፊቱ ግን የተሰለፈ ሕዝብ አለ። ስለዚህ «ሙያው ምን ይባላል?» ከማለት ይልቅ «ሠራተኛው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት በእጁ ምን ይሠራል፣ ከስንት ሰውስ ጋር ይነጋገራል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

እንዴት እንምረጥ?

ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ለመዛወር ያሰበ ሰው የሚከተሉትን አራት ነገሮች ቢያደርግ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

በመጀመሪያ፣ ለአንድ ወር ያህል በየማታው ሁለት መስመር ይጻፍ። ዛሬ ከሠራሁት የትኛው አበረታኝ፣ የትኛውስ አደከመኝ? በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። ይህ ለሥርዓት ወዳድ ሰው ከባድ አይሆንም።

ቀጥሎ፣ ሙያውን ከያዘ ሰው ጋር ቢያንስ ሦስት ቀን ይዋል። ዝምተኛ ሰው ከመጠየቅ ይልቅ አይቶ ይረዳልና ይህ መንገድ ይመቸዋል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የቤቱን ወጪ ያስላ። ሥልጠናው ስንት ወር ይፈጃል? በእነዚያ ወራት ኪራዩን፣ ጤፉንና የልጆቹን ደብተር ማን ይከፍላል? መልስ ሳይገኝለት ያለውን ሥራ መልቀቅ አይገባም። የማታና የቅዳሜ እሑድ ሥልጠና ቢያገኝ አሮጌውን ሥራ ይዞ አዲሱን መማር ይችላል።

በመጨረሻም፣ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ዋጋ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ብዙ ቀጣሪዎች በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ማሠልጠኛው እውቅና ያለው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ከዐዋቂዎች ጋር ይማከር፤ ኢስቲኻራ ሰግዶ በአላህ ላይ ይመካ።

ዘመኑም ሊታሰብ ይገባል። ካሽ ሬጅስተሩ የሽያጩን ድምር ራሱ ያወጣል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ብዙውን ክፍያ ወደ ስልክ አዛውሮታል፤ ኮምፒዩተሩም ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው መገልበጥን እየተረከበ ነው። ስለሆነም መገልበጥን ብቻ የተማረ ሰው ነገ ሥራ ሊያጣ ይችላል። የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር የሚያስታርቅ፣ ያልገጠመውን ቁጥር ተከታትሎ ምክንያቱን የሚያገኝ፣ እቃውን በዓይኑ ቆጥሮ «ኮምፒዩተሩ 40 ይላል፣ እዚህ ያለው ግን 37 ነው» የሚል ሰው ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ልትነገር የሚገባት ቃል

በመግቢያዬ ላይ አንዲት ነገር መጨመር አለባት ብዬ ነበር፤ እርስዋም በቦታዋ የምትነገር ቃል ናት። አበው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እነዚያው አበው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ሁለቱም እውነት ነው።

መዝገብ የያዘ ሰው አማና ይዟል። አለቃው ያልተሟላ ደረሰኝ አምጥቶ «መዝግበው» ሲለው፣ ያልገባ እቃ እንደ ገባ ተደርጎ ሲቀርብለት፣ እምቢ የማለት ግዴታ አለበት። በዚያች ሰዓት ዝም ካለ ጨዋነቱ ለሌላው ሰው ስርቆት መሸፈኛ ይሆናል፤ ፊርማው የእርሱ በመሆኑም በመጨረሻ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለሆነም ጭምት ልጆቻችንን ብዙ እንዲናገሩ ከማስጨነቅ ይልቅ ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገሮችን እናስለምዳቸው፦ «ይህ አልተሟላም።» «በጽሑፍ ይስጡኝ።» «ሳልቆጥር አልፈርምም።» እነዚህን በእርጋታና በአክብሮት መናገር የሚችል ሰው ለዚህ ሙያ ብቁ ነው።

ስለ ራስ መብትም እንዲሁ ነው። ጭምት ሠራተኛ ያለ ጩኸት ስለሚሠራ የሌላውም ሥራ ይጫንበታል፤ ደመወዙም ሳይጨመር ዓመታት ያልፋሉ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብጽን ምድር ግምጃ ቤት ለመያዝ ራሳቸው እንደጠየቁና ለዚያ የሚያበቃቸውን ጠባይ እንደገለጹ በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሮናል። ይህን ሲያደርጉ ትዕቢት አልነበረባቸውም፤ ሕዝቡን ከረሃብ የሚያተርፍ አማና ነበርና። ችሎታን በልክ መግለጥ ከሐያእ ጋር አይጋጭም።

ለለጋሾችና ለቤተሰቦች

ውድ ለጋሾች፣ ብዙዎቻችሁ መጋዘን፣ ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት አላችሁ። የምትሰጡት ገንዘብ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፣ ከእናንተ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችለው ሌላ ስጦታ አለ፤ እርሱም የአንድ ወር ቦታ ነው። አንድን ጭምት ወጣት ወይም አንዲትን እናት በመጋዘናችሁ ወይም በሒሳብ ክፍላችሁ ለአንድ ወር ተቀበሉ። የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ ቻሉ፤ ሥራውን የሚያሳይ አንድ ታጋሽ ሠራተኛ መድቡለት። በወሩ መጨረሻ የምትቀጥሩት ባይሆን እንኳ ያየውንና የቻለውን የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡት፤ የሚያውቀው ሰው ለሌለው የቲም ይህ ደብዳቤ ትልቅ ሀብት ነው። መነሻ ካፒታል ስትሰጡም ለሁሉም ሱቅ ከመክፈት አስቀድሞ የሰውየው ጠባይ ይታይ። ለአንዱ ሱቅ፣ ለሌላው የስፌት መኪና፣ ለሦስተኛው የሥልጠና ክፍያ ይሻላል።

የተከበራችሁ እናቶችና አሳዳጊዎች፣ ልጃችሁን በእንግዳ ፊት «ይህ እንኳ አይናገርም» አትበሉት። በምትኩ የቤቱን ወጪ መዝገብ አስይዙት። በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ የጎደለ ቢኖር ምክንያቱን በራሱ አፍ ያስረዳችሁ። በዚህ መንገድ ልጁ ሥርዓቱን ወደ ሙያ፣ ዝምታውንም ወደ እርጋታ ይለውጠዋል። እናንተም ብትሆኑ በሠላሳና በአርባ ዓመታችሁ ሙያ ለመለወጥ «ዘገየሁ» አትበሉ። በየወሩ በትንሽ ገቢ አምስትና ስድስት አፍ የመገበች እናት፣ የትኛው ወጪ እንደሚቀድም ለማወቅ ትልቁን ፈተና አልፋለች። የጎደላት ያንን ችሎታ በወረቀት ላይ የማስፈር ሥልጠናና የምስክር ወረቀቱ ነው።

አላህ ለልጆቻችን ሐላል ሪዝቅን፣ ለለጋሾቻችን በረካን፣ ለሁላችንም አማናን የመወጣት ብርታት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።